ሒሳቡን የሚያውቅ፣ አደጋውን የማያይ መሐንዲስ

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ አረርቲ ከተማ በግንባታ ላይ በነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ፣ ለዓመታዊው ክብረ በዓል ከመጡ ምዕመናን መካከል ቢያንስ 36 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በርካቶችም ቆስለዋል። ሐዘኑ የአገር ሐዘን ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ግን ከአረርቲ ይሰፋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ምህንድስና ተምሮ የሚመረቀው ወጣት፣ ሰዎች የሚወጡበትን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ስንት ሰው እንደሚሸከም እንዲያሰላ ተጠይቆ ያውቃል ወይ?

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ምሰሶ፣ አግዳሚና መሠረት ያሰላል። ንፋሱንና የመሬት መንቀጥቀጡን ጭምር ከግምት ያስገባል። ኮንክሪቱ እስኪደርቅ የሚሸከሙት እንጨቶች፣ ግንበኛው የሚቆምበት መወጣጫና የቀን ሠራተኛዋ ሲሚንቶ ተሸክማ የምትወጣበት መረማመጃ ግን ብዙውን ጊዜ በፕላኑ ላይ አይታዩም። እነዚህ በፎርማኑና በአናጢው ልምድ የሚሠሩ ናቸው። ልምድ ዋጋ ቢኖረውም፣ አጣናው ሲበሰብስ፣ ምስማሩ ሲላላ ወይም ከታሰበው በላይ ሰው ሲወጣበት አስቀድሞ የሚናገር ስሌት የለውም። በሌላ አነጋገር የሕንፃው ደኅንነት ተጠንቶ፣ ሕንፃውን የሚሠሩት ሰዎች ደኅንነት ለዕድል ተትቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት አስጊ እንዳይሆን የማድረግ፣ ሠራተኛውን ስለ አደጋው የማሳወቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም በመሠረቱ ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበረው።

ከዚህ ይልቅ ብዙም የማይወራለት ሌላ ግዴታ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያፀደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 14 የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ጉዳይ በሁሉም የትምህርትና የሥልጠና ደረጃዎች እንዲካተት አባል አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል፤ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርትንም በስም ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ድርጅቱ ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። ስለዚህ ለመሐንዲሶች ደኅንነትን ማስተማር የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን ከሦስት አስርት ዓመታት በላይ ያስቆጠረ የአገር ቃል ነው።

የሄልሜት ትምህርት

ጉዳዩ ጨርሶ አይነሣም ለማለት አይደለም። በኬሚካልና በኢንዱስትሪያል ምህንድስና የደኅንነት ትምህርት የራሱ ቦታ አለው። በግንባታው ዘርፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ትምህርት መጨረሻ አካባቢ፣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ተማሪው ሄልሜት፣ ጓንት፣ የደኅንነት ጫማና ቀበቶ የሚሉ ስሞችን በዝርዝር ይሸመድድና ለፈተና ይጽፋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሙያው የታወቀ ቅደም ተከተል አለ። በቅድሚያ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ፤ ካልተቻለ አነስተኛ አደጋ ባለው መተካት፤ ቀጥሎ በምህንድስና ዘዴ መከለል፤ ከዚያ በአሠራር ሥርዓትና በሥልጠና መቀነስ፤ በመጨረሻም የግል መከላከያ ማልበስ ነው። ሄልሜት የመጨረሻው መስመር ነው። የእኛ ትምህርት የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚያ ነው። የላይኞቹ ሦስት እርከኖች ግን በአብዛኛው በዲዛይን ጠረጴዛ ላይ የሚወሰኑ፣ ማለትም የመሐንዲሱ ሥራዎች ናቸው።

ለአብነት ቁፋሮን እንውሰድ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል እስከ ሁለት ቶን ይመዝናል። በየመንገዳችን የምናያት አንዲት ቪትዝ መኪና አንድ ቶን ገደማ ናት። ድጋፍ ሳይደረግለት በቀጥታ በተቆፈረ ጥልቅ ቦይ ውስጥ የሚሠራ ሠራተኛ ላይ ግድግዳው ቢናድ፣ የሚያርፍበት ክብደት ከመኪና ይበልጣል። ተማሪው የአፈር ግፊትን የሚያሰላበትን ቀመር ያውቀዋል፤ የድጋፍ ግንብ ለመንደፍ ተምሮታልና። ያንኑ ቀመር ቦዩ ውስጥ ለቆመው ሰው እንዲጠቀምበት ግን የጠየቀው የለም። በክረምት ወራት በአዲስ አበባ የአፈር መናድ አደጋ በተደጋጋሚ ሲሰማ፣ የጠፋው ዕውቀቱ ሳይሆን ዕውቀቱን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ጥያቄ ነው።

ከፍታም እንዲሁ ነው። ከስድስት ሜትር፣ ማለትም ከሁለተኛ ፎቅ ወለል ገደማ የወደቀ ሰው መሬት የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ በጥቂቱ በሚበልጥ ጊዜ፣ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። ይህን ማስላት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። የጣሪያውን ጠርዝ ከፍ አድርጎ በመንደፍ፣ ወይም የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርበትን ቦታ አስቀድሞ በፕላኑ ላይ በማስቀመጥ ይህን ውድቀት ማስቀረት ደግሞ ምህንድስና ነው።

በልምምድ ወቅት የሚማሩት

ከጀርመን መንግሥት ጋር በመተባበር በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ካመጣቸው ለውጦች አንዱ ተማሪዎች በኢንዱስትሪ ውስጥ ረዘም ያለ የልምምድ ጊዜ እንዲያሳልፉ ማድረጉ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪው ልምምድ የሚወጣበት ሳይት ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ሄልሜቱ አማካሪው ወይም ባለሥልጣን ሲመጣ ብቻ ከመጋዘን የሚወጣ ከሆነ፣ የቀን ሠራተኛው በነጠላ ጫማ ፌሮ ላይ የሚራመድ ከሆነ፣ ተማሪው የሚማረው ይህንኑ ነው። በክፍል ውስጥ ለአንድ ምዕራፍ የተማረውን በጥቂት ወራት ይረሳዋል።

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የ70/30 ፖሊሲ የምህንድስና ተማሪዎች ቁጥር በብዙ እጥፍ ማደጉም ይህን አባብሶታል። ብዙ ተማሪ በአንድ መምህር ሲታይ፣ ሳይት ድረስ ሄዶ የሚከታተል አማካሪ ማግኘት ከባድ ነው።

«ማስተማሩ ምን ይፈይዳል?»

የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ሥርዓተ ትምህርቱ ከወዲሁ የተጨናነቀ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ቁጥጥር በሌለበት ማስተማር ከንቱ ነው የሚል ነው። ለጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርብ ተቋራጭ ለመወጣጫ ገንዘብ አይመድብም፤ አዲስ ተመራቂም አለቃውን መቃወም አይችልም ይላሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ እውነት አለው። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዋዜማው ሕንፃው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፤ የመረመረው መሐንዲስም አደገኛ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ባንኩና ሱቆቹ ሲዘጉ፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረጉ። መሐንዲስ ማወቁ ብቻውን ሰው አያድንም ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ምሳሌ የሚያሳየው ሌላ ነገርም አለ። ተናጋሪው እንዲሰማ ከተፈለገ ሕግም ሙያም ከጎኑ መቆም አለባቸው። በብሪታንያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግንባታ ዲዛይን ሕግ አሠሪውንና ተቋራጩን ብቻ ሳይሆን ዲዛይን የሚሠራውን ባለሙያም የሠራተኞችን አደጋ በንድፉ እንዲቀንስ ያስገድዳል። ለ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የተካሄደው ግዙፍ ግንባታ አንድም ሠራተኛ ሳይሞትበት ተጠናቅቋል። ይህ የሆነው ሄልሜት ስለበዛ ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄው ከንድፉ ጀምሮ ስለተጠየቀ ጭምር እንጂ።

ለመጀመሪያው ተቃውሞ መልሱ አዲስ ኮርስ መጨመር አያስፈልግም የሚል ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ ከሕንፃው ስሌት ጋር የመወጣጫውንና የቁፋሮውን ስሌት እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። የልምምድ ሪፖርት አንዱ ክፍል በሳይቱ የታዩ አደጋዎችና ተማሪው ያቀረበው መፍትሔ ሊሆን ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ላይም ይህን የሚመለከቱ የስሌት ጥያቄዎች ቢኖሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳይነገራቸው ማስተማር ይጀምራሉ። የማይፈተን ነገር እንደማይጠና መምህርም ተማሪም ያውቃል።

መምህርም ሩቅ አይደለም። ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሙያ ጤንነትና ደኅንነት ባለሙያ ያሠለጥናሉ። እነዚህ ባለሙያዎች የሚማሩት ግን በጤና ሳይንስ ግቢ ውስጥ ነው፤ መሐንዲሱ በሌላው ግቢ። ሁለቱ የሚገናኙት አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። አንዱ ሊያስተምር፣ ሌላው ሊማር የሚችልበትን መድረክ መፍጠር የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ፈቃድ እንጂ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

በየአደጋው ማግሥት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መግለጫ ይሰጣል፣ ከዚያ ይረሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በሚቀጥለው ሐምሌ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ መሐንዲሶች ይመረቃሉ፤ ብዙዎቹም በጥቂት ወራት ውስጥ የሰው ሕይወት በፊርማቸው ሥር ይሆናል። ቦዩ ውስጥ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የአፈር ግፊት ቀመር አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። የሚያውቀው መሐንዲሱ ነው። ያንን ዕውቀት ለዚያ ሠራተኛ እንዲያውለው አሁኑኑ፣ ገና በክፍል ውስጥ እያለ ካልተማረ፣ ሳይት ላይ የሚያስተምረው የሚቀጥለው አደጋ ይሆናል።