ስለ መንታ እርግዝና

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የቡና ለቀማ ሲደርስ «ቡናው ይግባና እታያለሁ» እያለች የምትቆይ ነፍሰ ጡር አትጠፋም። በዚህም መካከል መንታ ማርገዟን ሳታውቅ ወራት ያልፋሉ። ይህ መዘግየት እንደማይበጅ ለቤተሰቦቻችን ልናሳስብ ወደድን።

መንትዮች በየራሳቸው እንግዴ ልጅ ያድጋሉ፤ ወይም አንዱን ይጋራሉ። አልትራሳውንድ ይህን አጥርቶ የሚለየው በተለይ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። ሲጋሩ ደማቸው ስለሚገናኝ፣ የአንደኛው ደም ወደ ሌላው ሊበዛ፣ አንደኛውም ቢሞት ሌላው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መታየት ይገባል። አንደኛው ሕፃን የአፈጣጠር ጉድለት ቢገኝበትም፣ ለመንትያው የሚደረገው ጥንቃቄ በዚሁ ይወሰናል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ከተጠራጠረ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቢልካት፣ ሳትውል ሳታድር ትሂድ።

ለማርገዝ ያሰበች ሴትም አስቀድማ ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ፣ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ጉድለት የሚደርስበት ዕድል ይቀንሳል።

ባሎች ሆይ! ጉድለቱ የእናቲቱ ጥፋት አይደለምና አትውቀሷት። ቡናው በጎረቤት እጅም ይለቀማል፤ እናንተ ግን ከእርሷ ጋር አብራችሁ እንድትሄዱ አደራ እንላለን።