ጥርን በእናቴ ጆሮ

እንደምታውቁት የዚህ ዓምድ ልማድ በወሩ ውስጥ ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ቆጥሬ ለእናንተ ማቅረብ ነው። ለታኅሣሥ ዘጠኝ ፊልምና አራት መጽሐፍ ቆጥሬ ነበር። የጥር ሒሳቤ ግን አጭር ነው፤ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ፊልም፣ የሁለት ሰዎች ሙዚቃ፣ ጥቂት የቴሌቪዥን ድራማና አንድ ዳዊት። ለምን እንዳነሰ ልንገራችሁ።

እናቴ ከመካነ ኢየሱስ መጣች። መካነ ኢየሱስ ስል ቤተ ክርስቲያኑን ማለቴ አይደለም፤ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ የምትገኘውን፣ እኔም የተወለድኩባትን ከተማ ነው። ሁለቱ ዓይኖቿ በሞራ ተሸፍነው ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፉም ነበር። ሐኪሙ መርምሯት «በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ የደም ግፊቷ መውረድ አለበት» አለና የወር ያህል ቀጠሮ ሰጠን።

በመጣች በመጀመሪያው ምሽት ከእራት በኋላ ሁላችንም ሳሎን ተቀመጥን። እኔ በስልኬ ፊልም ጀምሬአለሁ፤ ባለቤቴ በስልኳ ድራማዋን ትከታተላለች፤ ልጃችንና ታናሽ ወንድሟም እንደዚሁ። የሁላችንም ጆሮ ተደፍኗል። ትንሽ ቆይታ እናቴ «ኧረ ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለች። አምስት ሆነን ተቀምጠን ነበር!

በጣም አፈርን። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እናቴ የማትሰማውን ነገር ማንም በሳሎን ውስጥ እንዳይከፍት ተስማማን። የማይሰማውን፣ በዓይን ብቻ የሚታየውን ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ እንዲነግራት ሾምነው።

በድራማ ጀመርን። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በየቤታችን እንዳስለመደ ታስታውሳላችሁ። ስማቸው የባዕድ፣ ንግግራቸው የእኛ በመሆኑ ለእናቴ ጆሮ ተመቹ። ልጄም «አሁን አለቀሰች፤ አሁን በሩን ዘጋችበት» እያለ ሥራውን በትጋት ተወጣ። በአራተኛው ቀን ግን እናቴ «ይህች ሴት ስትጮህ እንጂ ስትሠራ ሰምቼ አላውቅም። እንጀራውን ማን ይጋግርላታል?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ሳቀች፤ ድራማውም በዚያው ቀረ።

በጥምቀት ዕለት ከጎንደር የሚተላለፈውን በዓል ከፈትንላት። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ መስፈሩን ለልጆቹ እየነገርኳቸው ሳለ እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና እልል አለች። ልጄ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። እልልታን በቴሌቪዥን እንጂ እቤቱ ውስጥ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ከመጻሕፍት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው የደገምነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ሕዝብ ግን ያወቀው በማንበብ ሳይሆን በመስማት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው በየመንደሩ ሰው ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ይሰበሰብ ነበር። እናቴም እንዲሁ በጎረቤት ሬዲዮ ሰምታዋለች። አሁን የሰማነው ትረካ ደግሞ ከእሷ ጋር በሚሞሪ ካርድ የመጣ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ወጣቶች ያላቸውን ነገር የሚቀባበሉት በሚሞሪ ነበርና የወንድሜ ልጅ ያኔ ያገኘውን ጭኖ ላከልን።

ታሪኩ የጎጃም ነው። እናቴ ግን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የሰማችው። ጎጃም ለእኛ ከዓባይ ማዶ ነው፤ ደቡብ ጎንደርን ከሞጣ የሚያገናኘው ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የተባለውም እዚያው ነው። ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር እንደ ነበር ለልጆቹ ስትነግራቸው ትረካውን አቁመን እሷን አዳመጥን። በዛብህ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ ልጅ ነውና አባቷን አስታወሳት። አያቴ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ የቆሎ ተማሪ ሆነው በየደጁ ለምነው በልተዋል።

በዚህ ምክንያት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፈትኩላት። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉ መነኩሲት ናቸው። ጎንደር በነበሩ ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ሲያድሩ አይተው አዘኑ፤ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው ለእነርሱ መርጃ አደረጉት። ባለቤቴ «ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ቀበል አድርጋ «ለተራበ ልጅ የተመታ ነው» አለች። እኔ የምጨምረው የለኝም።

ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ትንሹን ልጄን አስተኝተን ነው ያየነው፤ ለሕፃን የማይሆን ጭካኔ አለበትና። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በፌስፓኮ የተሸለመ ሥራ ነው። አንበርብር የተባለ በጀርመን የተማረ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ልቡም ተሰብሮ፣ በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ መንደሩና ወደ እናቱ ይመለሳል። ያን ምሽት የማይሰማውን የምትነግራት ትልቋ ልጄ ነበረች። ፊልሙ ሲያልቅ እናቴ «ልጅ ሲመለስ አይጠየቅም፤ ይበላል» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «እኔም አልጠየቅሁህም» አለችኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን መለወጤን እናቴ የሰማችው ከእኔ ሳይሆን ከሰው ነው። እኔ ለመንገር ፈራሁ፤ እሷ ለመጠየቅ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፣ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፣ ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም እንጫወታለን። ያንን ነገር ግን አንነካውም ነበር። ያን ምሽት «እሺ፣ ጠይቂኝ» አልኳት።

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ማን ይባላል?»

«መካነ ኢየሱስ» አልኳት። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ላስረዳት ስጀምር እናቴ እየሳቀች አቋረጠችኝ።

«እና ከአገርህ መቼ ወጣህ?»

በማግሥቱ «መዝሙራችሁን አሰማኝ» አለችኝ። የተስፋዬ ጋቢሶን መረጥኩላት። ዘማሪው በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት መታሰሩን ነገርኳት። «ካድ ብለውት?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ «ድገመው» አለች። ደገምኩት።

ዳዊቱን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ ማንበብ አልተማረችም፤ ግን የአባቷን ዳዊት በማኅደሩ እንዳለ ይዛ ነው የመጣችው። አያቴ በየቀኑ ሲደግሙ እየሰማች አብዛኛውን በግእዝ በቃሏ ይዛለች። የየዕለቱንም ድርሻ ታውቃለች፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እኔ ግእዙ አይሆንልኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ከዕለቱ ድርሻ ጥቂት መዝሙር ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም በአማርኛ ሳነብላት እሷ በግእዝ ትከተለኛለች።

በመጀመሪያው ሰኞ ተጋጨን። እኔ «መዝሙር 23» ስል እሷ «22 ነው» አለች። «23 ነው እማዬ፣ እያየሁት!» «አባቴ ተሳስቶ አያውቅም!» በኋላ ነገሩን አጣራሁት። የግእዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም አቆጣጠር ይከተላል፤ በዚያ መዝሙር 9 እና 10 እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ዕብራይስጡ ግን ለያይቶ ይቆጥራቸዋል፤ የእኔም መጽሐፍ የሚከተለው እሱን ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። መዝሙሩ ግን ያው ነው። ይህን ስነግራት «ታዲያ ለምን ተጣላን?» አለችኝ።

በጥር መጨረሻ የመጀመሪያው ዓይኗ ተሠራላት። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው ያን ሁሉ ቀን ሲተርክላት የከረመውን ትንሹን ልጄን ነው። «ድምፅህ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር» አለችው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። እሷ የአባቷን ዳዊት ጭኗ ላይ ዘርግታ በቀይ የተጻፉትን ፊደላት በጣቷ ትነካለች። እኔ አነባለሁ። በግእዙም በዕብራይስጡም አቆጣጠር ከ148 ጀምሮ ቁጥሩ እንደገና አንድ ይሆናል። እዚያ ስደርስ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ እሷም አብራኝ ተናገረች።

ቀና ብላ አየችኝና «አሁን ገና ደረስህብኝ» አለችኝ።

የጥር ሒሳቤ ይህ ነው። ዛሬ ማታ እናንተም እቤታችሁ ያላችሁትን ቁጠሩና፣ ስንቱ በየጆሮው እንደ ተዘጋ አስተውሉ። እስከሚቀጥለው ወር በሰላም ቆዩኝ።