በቡና ብር ኮምፒዩተር ስንገዛ



የቡናው ለቀማ አብቅቶ ጀንፈሉ ሲሸጥ፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሸቤ፣ በየቤቱ ምክክር ይጀመራል። ገንዘቡ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ብዙ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ፣ ዘካው አለ፣ ክረምቱን የሚያሻግር ቀለብ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ጠንከር ያለ ኮምፒዩተር ይገዛልኝ» የሚለው የወጣቶች ጥያቄ ተጨምሯል። የዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ይመለከታል።

ባለፈው ዓመት አጋሮ ውስጥ አንድ አባትና ልጅ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ደርሰን ነበር። ልጁ፣ «አባዬ፣ የሠርግ ቪዲዮና መንዙማ እያቀናበርኩ ብሩን እመልሳለሁ» ይላል። አባትየው በበኩላቸው፣ «ልጄ፣ ያለፈው ኮምፒዩተር የት ደረሰ? ደግሞስ ሌሊቱን ሙሉ የምታየው ሥራ ነው ወይስ ጌም?» ይላሉ። ያለፈው የተባለው፣ በአንድ ሱቅ «ለጌም የተሠራ ነው» ተብሎ የተገዛው፣ አንድ የክረምት ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሏል። እኛም ክዳኑን ከፍተን አየነው። ከውጭ በቀይና በሰማያዊ መብራት ያሸበረቀ ሣጥን ነው፤ ከውስጥ ግን ያረጀ የቢሮ ኮምፒዩተር ዕቃና ስንት ዋት እንደሆነ እንኳ ያልተጻፈበት ቀላል ፓወር ሰፕላይ ነበር። የዓመት ቡና ለመብራት ጌጥ ተከፍሏል ማለት ነው። አባትየው ቢጠራጠሩ ምን ይፈረድባቸዋል?

ታዲያ ከዚህ ቤት ምን እንማራለን? ኮምፒዩተር የሚመረጠው በሚሠራበት ሥራ ነው። ገንዘብ በዓመት አንዴ በሚገባበት ቤት ደግሞ ዴስክቶፕ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት ግድ አይደለም። መሠረቱ ከተስተካከለ የቀረው በሚቀጥለው ቡና ይጨመራል። ይህን በዝርዝር እንመልከተው።

አንደኛ፣ ሥራውን እንለይ። ጌም ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ግራፊክስ ካርድን ነው። ይህ ካርድ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ማስሊያዎች ስላሉት በስክሪኑ ላይ ያሉትን ነጥቦች በአንድ ጊዜ ያሰላል። ቪዲዮ ማቀናበር ግን ካርዱን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ማከማቻውንም ይፈልጋል። ለጌም 16 ጊጋባይት ራም በአብዛኛው ይበቃል፤ ለቪዲዮ 32 ቢሆን ይመረጣል። ማከማቻውን በቁጥር እንየው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ አንድን ሠርግ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙና በእጅ ላይ ያለው ሥራ ፈጣን በሆነው ኤስ ኤስ ዲ ላይ፣ ያለቀው ሥራ ደግሞ ሰፋ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። የሰው ሠርግ አደራ ነውና ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው።

ሁለተኛ፣ መብራቱን እናስብ። ከጅማ ብዙ የማይርቀው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ እስከ 184 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ነው፤ ያም ሆኖ በየቤታችን መብራት መሄዱና መምጣቱ አልቀረም። ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም። በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ሲመለስ የሚመጣው ከመጠን ያለፈ ኃይል ደግሞ ዕቃውን ይጎዳል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ስሙ የታወቀ፣ ዋቱ በግልጽ የተጻፈ ይሁን። ለምሳሌ እ.ኤ.አ በ2021 የወጣው ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ካርድ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹ ኤንቪዲያም ለመላው ኮምፒዩተር 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። እ.ኤ.አ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ግን 75 ዋት ገደማ ስለሚበቃው አቅሙ አነስ ቢልም መብራቱን አያስጨንቅም።

ዩፒኤስ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ 650 ዋት ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚችሉት ከ400 ዋት በታች ነው። ጥቅሙም ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ መስጠት እንጂ ጌም ማስቀጠል አይደለም። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ አለ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነውና ሶኬት ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑ ይታይ። 115 ላይ ከተሰካ ዕቃው ወዲያውኑ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ እንመርምር። ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ጉድለቱን ደብቆ መሸጥ ነው። ትንንሾቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ለጽሕፈት ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ የሚገባበት ቦታም ሆነ የሚችለው ፓወር ሰፕላይ የላቸውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ «ኮር አይ ሰባት ነው» ሲባል «ስንተኛ ትውልድ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አሮጌ ካርድ በአዲስ ስም የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን ትክክለኛ ማንነት ያሳያል። ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ይሥራ፤ ቢጠፋ ወይም ቢንተከተክ እዚያው ይታወቃል።

አራተኛ፣ በቅደም ተከተል እንግዛ። ቡና ተክሎ በዓመቱ የሚለቅም የለም፤ ሦስት አራት ዓመት ይጠበቃል። መጀመሪያ ለመቀየር የሚያስቸግሩት ይገዙ፦ ማዘርቦርድ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ አየር የሚያስገባ ሣጥን፣ ደህና ፕሮሰሰር። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት ራሞች አንዱ በሌላው ቦታ ስለማይገቡ ማዘርቦርዱ ሲመረጥ የወደፊቱም ይታሰብ። ካርዱ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቆይ ከሆነ ቁጥሩ በ«ኤፍ» ፊደል የሚያበቃ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይገዛ፤ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ያለ ካርድ ምስል አያሳይም። የዋጋ ቁጥር እዚህ ያልጻፍነው በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ ስለወረደ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። በጅማም በአዲስ አበባም ቢያንስ ሦስት ቦታ መጠየቅ ይበጃል።

ከተገዛ በኋላም ቦታው ይታሰብበት። ቡና ከሚፈለፈልበትና ከሚከማችበት ክፍል ይራቅ፤ የገለባው አቧራ ማራገቢያውን ደፍኖ ሙቀት ያመጣል። ወለል ላይም አይቀመጥ፤ የክረምቱ እርጥበት አያዋጣውም። በወር አንዴ ጠፍቶና ተነቅሎ አቧራው ይጸዳ።

ወደ አጋሮው ቤት እንመለስ። አባትና ልጅ በመጨረሻ ተስማሙ። በመጀመሪያው ዓመት መሠረቱ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ኤስ ኤስ ዲውና ዩፒኤሱ ተገዛ፤ ግራፊክስ ካርዱ ለሚቀጥለው ቡና ቆየ። ልጁ ነፃ በሆነው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ፕሮግራም ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ሲከብደው የቪዲዮውን አነስተኛ ቅጂ ሠርቶ በእሱ ይቆርጣል፤ ሲጨርስ ፕሮግራሙ ዋናውን ይተካለታል። አባትየው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ኮምፒዩተሩ ሁሉም በሚገባበት ሳሎን እንዲቀመጥ። ጌሙም አልተከለከለም፤ ሶላትና ትምህርት ካለፈ በኋላ፣ እስከ ዒሻእ ድረስ ብቻ ሆነ። ታናሽ እህቱም ተራ ተሰጣት፤ ፎቶ ማስተካከል ከእሱ ተምራ አሁን የጎረቤት የሠርግ ካርድ ትሠራለች።

በቅርቡ ስንጠይቃቸው አባትየው፣ «የመጀመሪያውን የሠርግ ሥራ ብር አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። እኔም ለካርዱ ይሁን ብዬ መለስኩለት» አሉን።

ወላጆች ሆይ! ልጅ ሲጠይቅ «ጌም ነው» ብለን አንዝጋው፤ ምን ሊሠራበት እንደሚፈልግ እንጠይቀው። ወጣቶችም የምትጠይቁት ገንዘብ ከየትኛው ማሳ፣ በማን እጅ እንደተለቀመ አትርሱ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።