ጥምጥሙ ምን በደለ?

ልብስ ገላን ይሸፍናል እንጂ ልብን አይገልጥም። ይህ እንዲህ ሲሆን፥ በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር የሚታይ ጨዋታ የሚያዘጋጁ ብልኃተኞች ለክፉው ሰው ልብስ በሚያወጡለት ጊዜ ክፋቱን ከሥራው ሳይሆን ከጥምጥሙ ሲጀምሩ ይታያሉ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ስለ ምን ቢሉ፥ ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ሳይጨርስ ማንን መፍራት እንዳለበት ከጨዋታው ይማራልና።

የጀብዱ ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ አንዱን ጀግና በጣቱ እየመራ፥ ጕድጓድ እያዘለለ፥ በር እያስከፈተ፥ ጠላት እያሸነፈ እስከ ፍጻሜው የሚያደርስበት ነው። በፍጻሜውም የጀግናው ባላጋራ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ባላጋራ ምን ይልበስ? ክርክሩ በዚህ ላይ ነው። ምስክር ሳይቈጥሩ መክሰስ ፍርድ ማጣመም ስለ ሆነ፥ አንድ የታወቀ ጨዋታ ለምስክርነት ይቅረብ፤ የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. ጆርዳን መክነር የተባለ አሜሪካዊ «የፋርስ ልዑል» የሚባለውን ጨዋታ አወጣ። አሠራሩ በእውነት የሚደነቅ ነው። ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ከቀረጸ በኋላ፥ እያንዳንዱን የእግርና የእጅ እንቅስቃሴ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠው፤ ስለዚህም ጀግናው እንደ እውነተኛ ሰው ይራመዳል፥ ይደናቀፋል፥ ይንጠለጠላል። ታሪኩም ይህ ነው። ሱልጣኑ ወደ ጦርነት ሄዶ ሳለ ጃፋር የሚባል ወዚር ሥልጣኑን ይቀማል፤ የሱልጣኑንም ልጅ ወይ እንድታገባው፥ ወይ እንድትሞት የ60 ደቂቃ ቀጠሮ ይሰጣታል። ጀግናው ራሱን ገልጦ በነጭ ልብስ ሊያድናት ይሮጣል፤ ወዚሩ ግን ጥምጥም ጠምጥሞ፥ ረዥም ልብስ ለብሶ ይታያል። ተመልካቹ አንድም ቃል ሳይሰማ፥ አንድም በደል ሳያይ፥ ማን ክፉ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። እንግዲህ ፈራጁ ማን ነው? ጥምጥሙ ነው።

ይህ ልብስ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከፋርስ አልመጣም፤ ከፊልም መጣ እንጂ። በ1940 ዓ.ም. «የባግዳድ ሌባ» በሚባለው ፊልም ጃፋር የሚባለውን ክፉ ወዚር ጥምጥም ጠምጥሞ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት የተባለ ጀርመናዊ ነበረ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የዲዝኒ ኩባንያ «አላዲን» በሚለው ፊልም ሌላ ጃፋር አወጣ፤ ለዚህኛው ላባ የተሰካበት ጥምጥም፥ ጥቁርና ቀይ ካባ፥ የተጠማዘዘ ጢም፥ የእባብ ራስ ያለበት በትር ጨመረለት። ፊልሙ በ1993 ዓ.ም. ወደ ጨዋታ ሲለወጥ ባላጋራው ያንኑ ልብስ ይዞ ገባ። እንዲህ አንዱ ከሌላው እየተዋሰ፥ የተዋሱትም እንደ እውነት እየተቈጠረ ሄደ።

እውነተኛው ጃፋር ግን ማን ነበረ? የበርመክ ወገን የሆነው ጃፋር ወልደ ያሕያ የኸሊፋው የሃሩን አል ረሺድ ወዚር ነበረ፤ በ803 ዓ.ም. በዚያው በጌታው ትእዛዝ ተገደለ። በሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችም ክፉ ሰው አይደለም። ከኸሊፋው ጋር የነጋዴ ልብስ ለብሶ፥ ማዕረጉን ሰውሮ፥ በባግዳድ ጐዳናዎች በሌሊት እየዞረ የሕዝቡን ነገር የሚሰማ ባልንጀራ ነው። በአንደኛውም ተረት የአንዲትን ሴት ገዳይ በሦስት ቀን ውስጥ ካላገኘ እርሱ ራሱ እንዲሰቀል የተፈረደበት፥ በሰው ጥፋት የተጨነቀ ሰው ነው። ያን ጊዜ የሞተውን ሰው ስሙን ወስደው ለቀማኛ ሰጡት፤ ጥምጥሙንም ወስደው የቀማኛ ምልክት አደረጉት።

ጥምጥም ግን የማን ነው? በኢትዮጵያ የካህን ክብር ነው፤ ምእመን ከሩቅ አይቶ መስቀል ሊሳለም የሚቀርበው በጥምጥሙ ለይቶ ነው። በእስላሞች ዘንድ የሊቃውንታቸው ማዕረግ ነው፤ በሲኮች ዘንድ የእምነታቸው ግዴታ ነው። በትሩም እንዲሁ ነው። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጳጳሳት የሚይዙት በትር በራሱ ላይ ሁለት እባቦች የተቀረጹበት፥ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናስ እባብ የሚያሳስብ ነው። እንግዲህ በባሕር ማዶ ተወልዶ ያደገ አንድ የካህን የልጅ ልጅ፥ ከዓመት እስከ ዓመት ጥምጥም፥ ካባ፥ ጢምና በትር ያለውን ሁሉ በጨዋታው ሲያሸንፍ ኖሮ፥ አንድ ቀን አያቱ ከአገር ቤት መጥተው በር ላይ ቢቆሙ ምን ያስብ ይሆን? መልሱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩ ከልጅ ድንጋጤም ያልፋል። በ2001 ዓ.ም. በመስከረም ወር በ11ኛው ቀን በአሜሪካ ከደረሰው ጥፋት በኋላ፥ ገና አራት ቀን ሲሆነው፥ በአሪዞና ግዛት በሜሳ ከተማ አንድ የሲክ እምነት ተከታይ በነዳጅ ማደያው ደጃፍ ተገደለ። ገዳዩ ጥምጥሙንና ጢሙን አይቶ ጠላት ነው ብሎ ነው። ይህን ሰው ጨዋታ ገደለው ማለት ሐሰት ነው፤ እንዲህ የሚል ቢኖር ሊታመን አይገባም። ዳሩ ግን ነፍሰ ገዳዩ ጥምጥምን ሲያይ ጠላትን ያየበት ዓይን በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም። ብዙ ሰዎች፥ በብዙ ዓመታት፥ በየጥቂቱ አሠለጠኑት። ልብስ አውጪውም ከእነዚያ ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

በዚህ ጊዜ ልብስ አውጪው እንዲህ ብሎ ይከራከር ይሆናል። «የኮምፒዩተሩ መስኮት ጠባብ ነው፤ ያ ጨዋታ በወጣበት ጊዜ ወርዱ 280 ነጥብ፥ ቁመቱ 192 ነጥብ ነበረ። በዚህ ጠባብ ስፍራ ተጫዋቹ ጠላቱን በቅጽበት ካልለየ ይሞታል። ስለዚህ ልብሱ መጮኽ አለበት።» ክርክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልስ አለው። የኢትዮጵያ ሠዓሊም በጠባብ ብራናና በግድግዳ ላይ ብዙ ሰው ሲሥል ይኸው ችግር ነበረበት። ምን አደረገ ቢሉ፥ ጻድቁን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፥ ክፉውን በጐን በአንድ ዓይን ሣለው። ይሁዳን ከሐዋርያት የሚለየው ጥምጥም አይደለም፤ እውነትን ፊት ለፊት ማየት ያልቻለው ዓይኑ ነው። የ1896 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲሣልም ኢትዮጵያውያን በሁለት ዓይን፥ ወራሪው በአንድ ዓይን ተሣለ። ይህም ምልክት ከሩቅ ይታያል፥ ያልተማረም ይረዳዋል፤ ነገር ግን የማንንም አገር ልብስ አላረከሰም።

አንድም፥ «ታሪኩ የፋርስ ነው፤ በዚያ አገር ጥምጥም ካልተጠመጠመ ምን ይደረግ?» የሚል ይገኛል። እንኪያስ ጀግናውም ይጠምጥም! በአንድ አገር ታሪክ ውስጥ ያገሩን ልብስ ለክፉው ብቻ ሰጥቶ፥ መልካሙን ራሱን ገልጦ ማስሮጥ፥ አገሩን መሣል ሳይሆን አገሩን መክሰስ ነው። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖሩ ዐረቦች የ«አላዲን» ፊልም የመክፈቻ ዘፈን አገራቸውን ሰድቧል ብለው ስለ ተቃወሙ፥ ፊልሙ ለቤት በቪዲዮ ሲወጣ ከግጥሙ ጥቂት ቃል ተለወጠ። ቃሉ ተነቅፎ ተቃና፤ ልብሱ ግን ማንም ሳይነካው ቀረ። ልብስም እንደ ቃል እንደሚናገር፥ ሲሳደብም ከቃል ይልቅ እንደሚሰማ አልታሰበም።

ልብስ ክፉውን ፈጽሞ አይክሰስ ማለት ግን አይደለም። ያው ኮንራድ ፋይት በ1942 ዓ.ም. «ካሳብላንካ» በሚባለው ፊልም የናዚ መኰንን ልብስ ለብሶ ታየ። ፊቱ ያው ፊት ነው፤ ልብሱ ግን ተለውጧል። የዚህኛው ልብስ በቅን ይከሳል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ያን የመኰንን ልብስ የለበሰ ሰው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አልወጣም፤ ከክፉ ሥራ ጋር ተቀበለው እንጂ። እርሱ ራሱ ተዋናዩ ጀርመናዊ ሆኖ ሳለ ናዚዎችን ጠልቶ በ1933 ዓ.ም. ከአገሩ የወጣ ሰው ነበረ። እንግዲህ ልዩነቱ ግልጥ ነው። ሰው መርጦ የገባበትን ሥራ የሚያሳይ ልብስ ይመስክርበት፤ የተወለደበትን ወገን የሚያሳይ ልብስ ግን ምስክር አይሁን።

የክርክሩ መቋጫ ከዚያው ከ«የፋርስ ልዑል» ይገኛል። ጨዋታው ሲሠራ የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ለአዲስ ጠላት ሥዕል ስፍራ ጠፋ። ሠሪውም የጀግናውን የራሱን ሥዕል በጥቂት ብልኃት ለውጦ የጥላ ሰው አደረገው። ጀግናው በመስታወት ውስጥ ዘልሎ ሲያልፍ ጥላው ከእርሱ ተለይቶ ይወጣል፤ ሊጠጣው የነበረውን መድኃኒት ይጠጣበታል፥ በር ይዘጋበታል። በመጨረሻም ሰይፍ መዞ ይገጥመዋል፤ ጀግናውም ጥላውን በወጋ ቍጥር ራሱ ይቈስላል። ማሸነፊያው አንድ ብቻ ነው፤ ሰይፉን ወደ ሰገባው መልሶ ከጥላው ጋር አንድ መሆን። ይህ ባላጋራ ጥምጥም የለውም፥ ካባ የለውም፤ ልብሱ የተጫዋቹ የራሱ ልብስ ነው። ድህነት ያስገኘው ይህ ጥላ፥ በሀብት ከተሰፋው ከዲዝኒው ጃፋር ካባ ይልቅ ጥልቅ ትምህርት ተናገረ።

ለወዚሩም ቢሆን የሚገባው ልብስ በእጅ ነበረ። ሱልጣኑ ዘምቷል፤ ወዚሩ ሥልጣኑን ቀምቷል። እንግዲህ የጌታውን ካባ ይልበስ፤ ያልተለካለት ነውና ይርዘምበት፥ መሬት ለመሬት ይጐተትበት፤ የሱልጣኑም ማኅተም በጣቱ ሰፍቶ ይውለቅለቅበት። ያን ጊዜ ሕፃኑ አይቶ «ይህ ልብስ የእርሱ አይደለም» ይላል፤ እንዲህ ካለም ቀማኛን ዐወቀ ማለት ነው።

በቅኔ ቤት ሰሙ ከወርቁ ጋር ካልተስማማ መምህሩ ቅኔውን ይመልሰዋል፤ ተማሪውም ሌላ ይቈጥራል። ልብስ ሰም ነው፥ ሥራ ወርቅ ነው። በሰሙ ካህን፥ በወርቁ ቀማኛ የሆነ ሥዕል ለሠሪው ሊመለስለት ይገባል።

ጥምጥሙን አትክሰስ፥ ጨርቅ ነው ምን ያውቃል፤
ራስ ክፋት ያስባል፥ እጅ ሄዶ ይሰርቃል።