ጸረ ፈንጂ ሞገድ ማፈኛ (ጃመር)

ሞገድ ማፈኛ ወይም በተለምዶ ጃመር የሚባለው፣ በሬዲዮ ትእዛዝ የሚፈነዳ የመንገድ ዳር ፈንጂ ትእዛዙ እንዳይደርሰው የሚያደርግ የጦር ሠራዊት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ በወታደራዊ ተሽከርካሪ ላይ ይገጠማል፤ በጀርባ የሚታዘልም ዓይነት አለ። መሣሪያው ፈንጂውን አያመክንም፣ ከቦታውም አያነሳም፤ ሠራዊቱ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ያደነቁረዋል። ይህ ልዩነት እንደ ሐይቅና አምባሰል ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ለሚኖር ሰው ትልቅ ትርጉም አለው።

አሠራሩ

በርቀት የሚፈነዳ ፈንጂ የሬዲዮ መልእክት የሚቀበል ክፍል አለው። ጃመሩ መልእክቱ በሚመጣበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ከመልእክቱ የበረታ ጫጫታ ይለቃል። በገበያ መሐል በድምፅ ማጉያ ሲጮህ የጎረቤት ንግግር እንደማይሰማ ሁሉ፣ ተቀባዩም ትእዛዙን ከጫጫታው መለየት ያቅተዋል። አንዳንድ ጃመሮች ያለማቋረጥ ይረብሻሉ፤ ሌሎቹ አየሩን እያዳመጡ አጠራጣሪ ምልክት ሲያገኙ ብቻ ይሠራሉ።

የሬዲዮ ኃይል በርቀት ይዳከማል። በገላጣ ስፍራ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ጥበቃው ከተሽከርካሪው ጋር የሚጓዝ ክብ ነው፤ ተሽከርካሪው ሲያልፍ ጥበቃውም አብሮት ያልፋል።

ታሪክና ገደብ

የእንግሊዝ ጦር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አየርላንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ጦር በኢራቅ በብዛት አሰማራው። ተዋጊዎች ግን በሽቦ ወይም በሰውና በተሽከርካሪ ክብደት ወደሚፈነዱ ፈንጂዎች ዞሩ። እነዚህ ሬዲዮ ስለማያስፈልጋቸው ጃመር አያግዳቸውም። መሣሪያው የራስን ወገን ሬዲዮና የአካባቢውን ሞባይል ስልክም ሊያቋርጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሠራዊት ከመንገድ ዳር ፈንጂ ጋር በሰፊው የተጋፈጠው በሶማሊያ ነው። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በይፋ ወደ ሶማሊያ የገባ ሲሆን፣ በጥር 2006 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ (አሚሶም) አካል ሆኗል። አልሸባብ በአቅርቦት መንገዶች ላይ ከሚጠቀምባቸው ዋና መሣሪያዎች አንዱ በእጅ የተሠራ ፈንጂ ነው።

ጃመርና የኢንተርኔት መቋረጥ አንድ አይደሉም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አገልግሎቱ የተዘጋው ከኔትወርኩ ነው። ጃመር ግን አየሩን የሚያውከው ባለበት ቦታ ዙሪያ ብቻ ነው።

ሐይቅና አምባሰል

በተሁለደሬ ወረዳ ያለችው ሐይቅና የአምባሰል ወረዳዋ ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2014 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥትና አጋሮቹ እንዲሁም በሕወሓት ኃይሎች መካከል የነበረው ውጊያ በዚህ መንገድ አልፏል። መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ጦርነቱ በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ክልሎች ያልፈነዱ የመድፍና የሞርታር ጥይቶችን፣ ቦምቦችንም ትቶ አልፏል፤ በእነዚህም ሕፃናትን ጨምሮ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፣ አካላቸውንም አጥተዋል። እንዲህ ያለው ቅሪት ትእዛዝ የሚጠብቅበት ሬዲዮ የለውም። ሲረገጥ፣ ሲመታ ወይም ሲነካካ ይፈነዳል። ስለዚህ ጃመር የታጠቀ ተሽከርካሪ በመንገዱ በሰላም ማለፉ በማሳው ለሚያርሰው ገበሬ ወይም ከብት ለሚጠብቀው ልጅ የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ጸረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ1990 ዓ.ም. ፈርማ በ1997 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ የሚመለከተው ግን ጸረ ሰው ፈንጂን እንጂ ያልፈነዱ የመድፍ ጥይቶችን አይደለም። እነዚህን የማንሳቱ ሥራ በሠለጠነ ባለሙያ፣ ቦታ በቦታ የሚከናወን ነው። እስከዚያው ነዋሪውን የሚጠብቀው አለመንካት፣ ሌላውን ማስጠንቀቅና ያዩበትን ቦታ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው።