ጋሼ ሞተር ሲገዙ

ሚካኤል ሹማከር እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ከፎርሙላ ዋን መኪናው ሲወርድ ዕድሜው 37 ነበር። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ገንዘብም ዝናም ያልጎደለው ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይፈልጋል? እቤቱ ቁጭ ብሎ ልጆቹን ያሳድግ ይሆናል ሲባል ጀርመናዊው ሞተር ሳይክል ላይ ወጣ። ያውም ለሽርሽር ብቻ አይደለም። በ2008 በጀርመን የሱፐርባይክ ሻምፒዮና ገብቶ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሁለት ጎማ ላይ ካደጉ ወጣቶች ጋር መሽቀዳደም ጀመረ። በመኪና ዓለምን ያስጨነቀው ሰው በሞተር ሲመጣ ማንም የሚፈራው ተፎካካሪ አልነበረም።

በየካቲት 2009 ስፔን ውስጥ በካርታሄና የመሮጫ ሜዳ ሲለማመድ ወደቀ። አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በወቅቱ ነገሩ ብዙም አልተወራም፤ ተነስቶ ሲሄድ የታየ ሰው ስለሆነ አልፎለታል ተባለ።

ሐምሌ ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። የፌራሪው ፌሊፔ ማሳ በሃንጋሪ የማጣሪያ ሙከራ ላይ እያለ ከፊቱ ከነበረው መኪና የተፈናጠረ ብረት ጭንቅላቱን መታው። ፌራሪ ወዲያው ሹማከርን ጠራ። የጣሊያን ደጋፊ በደስታ አበደ፤ ንጉሡ ሊመለስ ነው! ሹማከር ሞጄሎ ላይ መኪናውን ሞከረ። ከዚያ ነሐሴ ላይ አንገቴ አልቻለም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። የካቲት ላይ ከሞተር የወደቀው መውደቅ ከስድስት ወር በኋላ ያን የመሰለ ዕድል ነጠቀው። ተተኪው ሉካ ባዶየር ሁለት ውድድር ገብቶ ሁለቱንም ጊዜ ከጨረሱት መጨረሻ ሆነ። ዛሬ የሹማከር ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የ2013ቱን የበረዶ ሸርተቴ አደጋ ስለሆነ ይቺ የሞተር ታሪክ ተረስታለች።

መረሳት ግን አልነበረባትም። ምክንያቱም ሹማከር መንዳት የማያውቅ ሰው አይደለም። ሞተርም ቢሆን ከዚያ በፊት ነድቷል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና የሚያጥፍ እጅ፣ ከማንም ቀድሞ የሚያይ ዓይን ነበረው። በውድድር ሞተር ላይ ሲወጣ ግን ጀማሪ ነው። መኪና ውስጥ ስህተት ሲሠራ አራት ጎማና ጠንካራ ብረት ይሸከመዋል፤ ሞተር ላይ ሲሳሳት የሚሸከመው አስፋልቱ ነው። በሁለቱም ዓለም ሻምፒዮን የሆነ በታሪክ አንድ ሰው ብቻ አለ፣ እንግሊዛዊው ጆን ሰርቲስ። እሱ በ500 ሲሲ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሲያበቃ ነው በ1964 በፌራሪ የፎርሙላ ዋንን ዋንጫ የወሰደው። መንገዱን ልብ ይሏል! ከሞተር ወደ መኪና ነው፣ ያውም በሃያዎቹ ዕድሜው። ቫለንቲኖ ሮሲም በ42 ዓመቱ በ2021 ከሞተር ውድድር ሲሰናበት የሄደው ወደ መኪና ነው። በአርባ ዓመት ከመኪና ወደ ሞተር መምጣት ግን ዳገት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ዳገት የሚወጡ ሰዎች አሉ። 40ን አልፈው፣ አንዳንዶቹም 50ን ተጠግተው የመጀመሪያ ሞተራቸውን የሚገዙ አባወራዎች። ምክንያታቸው የታወቀ ነው። የታክሲ ሰልፉ ያታክታል። መኪና ለመግዛት ኪሱ አይፈቅድም። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ጨርሶ ሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ሲደርስ አርሰናል ሁለት ለባዶ እየተመራ ያገኛል፤ እንዴት እንደገባበት እንኳን አላየም። ለነገሩ ምኞቱም አለ። በወጣትነቱ አቅም ያጣለት፣ ትዳር ከያዘ በኋላ ያፈረበት ምኞት ነው። ልጆቹ ትንሽ ሲያድጉ፣ ደመወዙ ትንሽ ሲሻሻል፣ ተነሳ።

ሰፈር ይስቅበታል። «ጋሼ ደግሞ ጎረመሱ እንዴ!» ይባላል። ሚስትየዋም «የልጆቼን አባት ልትነሳኝ ነው?» ትላለች። የሰፈሩ ሳቅ ተገቢ አይደለም፤ ሰው በ45 ዓመቱ አዲስ ነገር መማሩ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። የሚስትየዋ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። መልሱም «አታስቢ፣ ሃያ ዓመት መኪና ነድቻለሁ» የሚል ከሆነ እሷ ትክክል ናት።

ችግሩ ያለው አማማሩ ላይ ነው። ሞተሩ እሁድ ይገዛል። አንድ ወዳጅ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ ይወስደውና «ይሄ ፍሪሲዮን፣ ይሄ ፍሬን፣ ማርሹ በግራ እግር» ብሎ ያሳየዋል። ሦስት ጊዜ ሞተሩ ይጠፋበታል፣ በአራተኛው ይሄዳል። አለቀ! ሰኞ ጠዋት ሰውየው ቀለበት መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጎን ነው። አንድ ቀን ተለማምዶ ፕሪሚየር ሊግ የሚገባ ተጫዋች አለ ወይ? ሞተር ላይ ግን አለ።

ሌላው እንቅፋት ክብር ነው። በመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ በዕድሩ ዳኛ የሆነ ሰው አንድ የ23 ዓመት ልጅ አጠገቡ ቆሞ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን በአንዴ አይልቀቁት፣ ቀስ ይበሉ» ሲለው ፊቱ ይጠቁራል። «አውቃለሁ እኮ ልጄ» ይላል። አያውቅም። እዚህ ላይ ልጁ አሠልጣኝ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ያለ ተጫዋች ናቸው። ልጁም ቢሆን በይሉኝታ ዝም ማለት የለበትም። አሠልጣኝ ተጫዋቹን በዕድሜው እያየ የሚፈራ ከሆነ ምን ቡድን ይሠራል?

ለምን ይህን ያህል ሥልጠና እንደሚያስፈልግ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። በመኪና ፍሬን አንድ ነው፣ በእግር ይረገጣል። ሞተር ላይ ሁለት ነው፤ የፊቱ በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር። ሃያ ዓመት በእግሩ ፍሬን የለመደ ሰው ሲደነግጥ የሚረግጠው የኋላውን ብቻ ነው። ሞተር ሲያቆም ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የኋላው ብቻ በኃይል ሲረገጥ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። የፊቱም ቢሆን በድንገት ከተጨመቀ፣ በተለይ መሪው ዞሮ እያለ ወይም ጠጠር ላይ፣ መሬት ያስተኛል። ቀስ ብሎ ጀምሮ እያጠበቁ መሄድን እጅ የሚለምደው በመቶ ጊዜ ድግግሞሽ ነው፤ በወሬ አይደለም። ያውም ያ ቀኝ እጅ ነዳጅ የሚሰጠው እጅ ነው! ጀማሪ ደንግጦ እጀታውን ሲጨብጥ ሳያስበው ነዳጅ ይጨምራል።

ዓይንም አለ። ሞተር የሚሄደው ዓይን ወደሚያይበት ነው። ጉድጓዱን ፈርቶ ጉድጓዱ ላይ ያፈጠጠ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ይህ ለኳስ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ ተጫዋች በረኛው ላይ ካፈጠጠ ኳሱን እጁ ላይ ነው የሚያቀብለው። ማየት ያለበት የሚሄድበትን ክፍት ቦታ ነው። በክረምት ደግሞ የአዲስ አበባ አስፋልት ሌላ መንገድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የዘይቱንና የአቧራውን ቅልቅል ሲያነሳው፣ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ሲረጥብ፣ መኪና ነጂ የማያስተውለው ነገር ሁሉ ለሞተረኛ ሳሙና ነው።

የዕድሜውን ነገር የጤና ቡድን ያለው ሰው ይረዳዋል። ጠዋት ሜዳ ወጥቶ ሳያሟሙቅ የሃያ ዓመቱን ሸርተቴ ሊሞክር የሄደ የ45 ዓመት ሰው ጭኑን ይዞ ሲቀመጥ ያላየ የለም። ያ ሰው ሳምንት ያነክስና ይሻለዋል። ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ሳምንት ላይኖር ይችላል። ራያን ጊግስ እስከ 40 ዓመቱ ማንቸስተር ዩናይትድ ውስጥ የተጫወተው የ20 ዓመቱን ሩጫ እየሮጠ አይደለም። ከመስመር ወደ መሀል ገባ፣ ዮጋ ሠራ፣ ኳሱን በአእምሮው መጫወት ጀመረ። ያልቻለውን ነገር መተው ቻለበት። ቅርጫት ኳሰኛው ማይክል ጆርዳንም ከጨዋታ ከተሰናበተ በኋላ በሞተር ፍቅር ወደቀ፤ በ2004 የራሱን የውድድር ቡድን አቋቋመ። ውድድሩን ግን ለወጣቶች ትቶ እሱ ባለቤት ሆነ። ክለቦችም ተጫዋቾቻቸውን ለአደጋ ከሚያጋልጥ ነገር በውል የሚያስሩት በከንቱ አይደለም። (ሰንደርላንድ በ1999 ስዊድናዊውን ስቴፋን ሽዋርዝን ሲያስፈርም ወደ ጠፈር እንዳይሄድ እንኳን በውሉ አስገብቶ ነበር፤ እሱ ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም።)

የሚገዛው ሞተርም መጠን ይኑረው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2013 ጀምሮ ወጣቱ ከ125 ሲሲ ተነስቶ በደረጃ ነው የሚያድገው። 24 ዓመት የሞላው ግን ፈተናውን ካለፈ በቀጥታ ትልቁን ሞተር መያዝ ይችላል። ሕጉ ዕድሜን እንደ ልምድ ቆጥሮታል፤ እዚህ ላይ ሕጉ ተሳስቷል። የ45 ዓመቱ ጀማሪና የ18 ዓመቱ ጀማሪ በሞተር ላይ ያላቸው ልምድ እኩል ነው፤ ዜሮ! እንዲያውም የትልቁ ሰው አጥንት ሲሰበር ቶሎ አይጠግንም። አሜሪካ ውስጥ በ2010ዎቹ አጋማሽ በሞተር አደጋ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 40 ዓመት የሞላቸውና ያለፉ ነበሩ። ሁሉም ጀማሪዎች አይደሉም። ግን የሞተር ሞት የጎረምሳ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አፍ ያዘጋል። አዲስ አበባ ላይ ለሚመላለስ ሰው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ይበቃዋል። ከቆመበት ሊያነሳው የማይችለውን ሞተር ባይገዛ ይሻለዋል።

ሄልሜት ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም ነበር፤ ግን አለ። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቅ ሰው ግን የሚከላከለው ክርኑን ነው። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜትም በመጀመሪያው ግጭት ከባለቤቱ ቀድሞ ይወርዳል። ለሞተሩ ያን ሁሉ ብር የከፈለ ሰው ሄልሜት ላይ ሲደርስ ርካሹን መምረጡ አይገባም።

ወረቀቱም አለ። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከወንጀል ጋር በተያያዘ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ አግዶ፣ በኋላ ለተመዘገቡና ፈቃድ ላገኙ እንደፈቀደ ይታወሳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሰሌዳውንና ፈቃዱን ማጣራት ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ስላለ ሞተር መንዳት ይቻላል ብሎ የሚያስብም አለ፤ የሞተር ምድብ ራሱን የቻለ ነው።

የመጨረሻው ነገር ኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው። ሞተር በተገዛ በሳምንቱ ልጅ «አባዬ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ በሞተር ውሰደኝ» ይላል። አባት ደግሞ እንዲህ ተብሎ እምቢ ለማለት ይቸገራል፤ ሞተሩን ሲገዛ ይቺን ቀን ሲያልም የከረመ ሊሆን ይችላል። ኋላ ሰው ሲቀመጥ ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል። ፍሬኑ ይረዝማል፣ መታጠፊያው ይከብዳል፣ ቀስ ሲባል ሚዛን ይጠፋል። ለብቻው ጠዋትና ማታ፣ በደረቁም በዝናቡም ወራት ሳይመላለስ ሰው መጫን የለበትም። ልጁ ለጊዜው ጨዋታውን ለማየት በታክሲ ይሂድ፤ አባትየው እዚያው ይጠብቀዋል።