ጀበናው ከኮዱ ውጭ ይቀመጥ

ቡና የማፈላባት ዳሴ ትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ አጠገብ ናት። አምና የቴሌብር መቀበያ ኪውአር ኮዴን «አሳምሩልኝ» ብዬ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ቢጫ በነጭ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ጀበና ተስሎበት መጣ። ያምር ነበር፤ የሚያነበው ስልክ ግን ጠፋ።

ግማሹ ጥፋት የኔው ነው፤ አሳምሩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የዴንሶ ኩባንያው ማሳሂሮ ሃራ ኪውአር ኮድን እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ የፈጠረው ለመኪና መለዋወጫ ቁጥጥር ነበር። የፋብሪካ ቆሻሻ እንዲችል ስለተሠራ፣ በከፍተኛው የስህተት እርማት ደረጃ ከተዘጋጀ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽም ይነበባል። ሦስቱ የማዕዘን ሳጥኖችና የዙሪያው ነጭ ዳር ግን ባይነኩ ይሻላል፤ ቀለሙም ፈዛዛ አይሁን። ማስዋብ የሚወድ ነጋዴ ጌጡን ከኮዱ ውጭ ያድርግ ባይ ነኝ።

አሁን የኔው ጥቁር በነጭ ነው። ከሥሩ ስሜ በጉልህ ተጽፏል፤ ከፋዩ ስልኩ ላይ ከሚመጣለት ስም ጋር ያስተያየው። ማታ ማታ ጨርቅ አሳልፍበትና ሌላ ሰው የራሱን ደርቦ እንዳልለጠፈብኝ በጣቴ እዳስሳለሁ። ጎረቤቴ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ያው ዝርዝር ፍለጋ እሮጣለሁ።